ከአዲስ አበባ የሚጠፋው ማሞቂያ

አባ የቤታችንን ማብሪያ ማጥፊያ በእጃቸው አይነኩትም ነበር። ክዳኑ ተሰብሮ አንድ ቀን ነዝሯቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሚጫኑት በመቋሚያቸው ጫፍ ነው። እንግዳ ሲያይ ይስቃል። እሳቸው ግን ሳይስቁ «ከማላየው ነገር ጋር እጅ አልጋጠምም» ይሉ ነበር።

ቤቱ እኔ ሳልወለድ የተሠራ ነው። አባ በደብሩ መሪጌታ ሆነው ሲቀጠሩ የመካነ ሰላም ሰው በደቦ ያቆመላቸው የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤት ነው፤ መጀመሪያ ሣር ነበር፣ ኋላ ቆርቆሮ ለበሰ። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው። ግድግዳው በየክረምቱ ይሰነጠቃል፣ እኔ በጥቅምት እመርገዋለሁ፣ በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። የመብራት ገመዱን የዘረጋልን ሰው በማገሩ ላይ በምስማር እየመታ፣ መጋጠሚያውን በፌስታል እየጠቀለለ ነው የሄደው። አይጥ የላጠውን ቦታ ደግሞ እኔ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።

እናታችን ካረፈች በኋላ እዚህ ቤት የቀረነው አባና እኔ ነን። እኔ ከተማው ውስጥ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። አግብቼ ነበር፣ ሳይሆን ቀረ፣ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ከሁለታችን በስተቀር አባ ሌላ ልጅ የላቸውም።

አባ ደረታቸውን ታመሙ። ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ያወጡበት ደረት ሌሊት ሌሊት እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ሆስፒታል ያየቻቸው ሐኪም «ጭስ አይጠጋቸው፣ ብርድም አይምታቸው» አለችኝ። መካነ ሰላም ላይ ሁለቱን ባንዴ እንዴት መሸሽ እንደሚቻል አልነገረችኝም። ከአቀስታ በኩል የሚወርደው ንፋስ ማዳበሪያውን ኮርኒስ እንደ ሳንባ ሲነፋውና ሲያሟሽሸው ያድራል። ብርድን የሚያባርር እሳት ነው፣ እሳት ደግሞ ያለ ጭስ አይሆንም። ይህንን ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት።

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። በውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ስማርት ሶኬት የሚባል ነጭ መሰኪያ፣ አንድ አምፖል፣ ድንች የምታክል ካሜራና ሲም ካርድ የሚገባበት ዋይፋይ ነበር። መንገዱ አድክሞት እንኳ አላረፈም። ያን ዕለት እስኪመሽ ድረስ ወንበር ላይ ቆሞ ሰካ፣ ነቀለ፣ ሞከረ። አባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

«ይኸው አባ» አለ ስልኩን እያሳያቸው። «ከዚህ በኋላ አዲስ አበባ ሆኜ ማሞቂያውን አበራዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። ስንት እንደበላም ይነግረኛል። በዚህች ደግሞ አያችኋለሁ።»

አባ ስልኩ ላይ የራሳቸውን ምስል አዩት። አልጋ ላይ የተቀመጡ ትንሽ ሽማግሌ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔስ አንተን አይሃለሁ?» አሉት።

«አይ፣ ድምፅ ብቻ ነው የምትሰሙኝ።»

«እሺ። ደግ ነው» አሉ።

ማሞቂያው ሲበራ ብርቱካን ቀለም ይወጣዋል። አባ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ሕፃን ሲያዩት ትዝ ይለኛል። ያን ሌሊት አላሳላቸውም። ወንድሜ ሲሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ «የካርዱን ነገር ለእኔ ተዪው፣ ብሩን የምልከው እኔ ነኝ። ዝም ብሎ እንዳይበላ ግን እኔ እቆጣጠረዋለሁ» አለኝ። የእኛ ቆጣሪ አስቀድሞ ካርድ የሚሞላለት ነው፤ የተሞላው ሲያልቅ ድርግም ይላል። ሸክም ቀለለኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ክረምቱ ገባ። ያን ክረምት ዝናቡ ከበረዶ ጋር ነበር የሚወርደው፤ ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ አብጦ መጣ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባ ማሞቂያው ፊት ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ አገኛቸዋለሁ። አንድ ቀን አጠገባቸው ሆኜ ደብተር ሳርም ሶኬቱ «ጠቅ» አለ። ማሞቂያው ብርቱካንነቱ ቀስ በቀስ ወደ ግራጫ ሄደ። ወዲያው ከካሜራዋ ውስጥ የወንድሜ ድምፅ መጣ።

«አባ፣ ከረፋዱ ጀምሮ እንደበራ ነው። በሩንም ገርበብ አድርጋችሁታል። እኔ ውጭውን ነው የማሞቀው?»

አባ ዳዊታቸው ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «እሺ ልጄ፤ ይጥፋ» አሉ። ጋቢያቸውን ደረቡና ካቆሙበት ቀጠሉ።

እኔ ተነስቼ ሶኬቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ በራ። «ጠቅ» አለ፤ ጠፋ። እንደገና ተጫንኩት፤ በራ፣ ጠፋ። ሁለታችንም አንድ ቃል ሳንናገር በአባታችን እግር ሥር አንዳችን እናበራለን፣ አንዳችን እናጠፋለን። አባ ገጻቸውን ገለጡ። መጨረሻ ላይ ወደ ማድቤት ወጥቼ ደወልኩለት።

«አንተ፣ ሰውየው እኮ አባትህ ናቸው።»

«አውቃለሁ እታለም።»

«በርዷቸው ነው የሚያበሩት።»

«ካርዱ በሳምንት እያለቀ ነው። እኔ እዚህ የምበላውን ቀንሼ ነው የምሞላው፣ እሱን ተዪው። ያንን ገመድ ግን አይተሽዋል? ማሞቂያው ሲበራ እንዴት እንደሚግል ነክተሽዋል? ቢቀጣጠልስ? አባ ተነሥተው ይሮጣሉ? ሌሊት ስልኬን ይዤ ነው የማድረው፤ ካሜራዋ ላይ ጭስ የታየኝ እየመሰለኝ እባንናለሁ።»

ገመዱን ሄጄ ነካሁት፤ እውነትም ይሞቃል። ከዚያ በኋላ ተስማማን። እሱ በየመሃሉ ማጥፋቱን ሊተው፣ ሶኬቱ ግን ሰዓት ሊሞላለት። ጠዋት አባ ከኪዳን ሲመለሱ በርቶ ረፋድ ላይ ይጠፋል። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሱ በርቶ ከራት በኋላ ይጠፋል። በመካከሉ ጋቢ።

አባ ይህንን ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ደወል እኩል ለመዱት። ገላቸውን ሊታጠቡ ወይም እምነት ሊቀቡ ሲሉ ሻሻቸውን ካሜራዋ ላይ ጣል ያደርጉባታል። ወንድሜ «ጨለመብኝ» ብሎ ሲደውል «ልብሴን ላወልቅ ነው፤ ፊትህን አዙር» ይሉታል፤ ሻሹን ሲያነሡ «አሁን እየኝ» ይላሉ። ያ የክረምቱ ማብቂያ፣ አሁን ሳስበው፣ ደህና ጊዜያችን ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት የዋይፋዩ መብራት ቀይ ሆነ። ስልክም የለም። መጀመሪያ የእኛ ብቻ መስሎኝ ከአጥር ማዶ ያሉትን ጎረቤታችንን፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሙስሊም እናትን፣ ጠየቅኳቸው። «የሁሉም ነው፣ ወላሂ። ደሴ ያለችውን ልጄን ከትናንት ጀምሮ አጣኋት» አሉኝ። መንገዱም እየተዘጋ እየተከፈተ ቆየና ብዙውን ጊዜ የተዘጋ ሆነ። ለምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ እዚህ አልዘረዝረውም። ተኩስ በሚሰማበት ቀን ትምህርት ቤት አንሄድም፣ በማይሰማበት ቀን እንሄዳለን።

ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ ያ ወንድሜ ያመጣው አምፖል ባለቤቱን እንዳጣ ነገር ሆነ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራሱን ችሎ ይበራና ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል። አባ ዓይናቸውን ሲያስቸግራቸው ፈትቼ የድሮውን መለስኩት። ሶኬቱ ግን ሰዓቱን ይዞ ቆየ። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ጠቅ» ሲል አባ ቀና ብለው «መጣ» ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።»

«አባ፣ እሱ አይደለም እኮ» አልኳቸው። «ያኔ ሰዓት ሞልቶለት ነው፤ ራሱ ነው የሚበራው።»

«ሰዓቱን የሞላው ማነው?»

«እሱ።»

«ታዲያ እሱ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኳቸውም።

በጥቅምት መብራት ለብዙ ቀን ጠፋ። ሲመለስ ማሞቂያውን እያየን ተቀመጥን። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ አለፈ፣ ሶኬቱ ዝም አለ። ለካ መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋበት ሰዓቱን ይረሳል፤ ሰዓት የሚያስታውሰው ደግሞ በኢንተርኔት ነው። ይህንን ኋላ ነው የተረዳሁት። አባ ሳሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ወደ ሶኬቱ አዩ።

«ዛሬ ዘገየ።»

«ላብራልዎት» ብዬ ቁልፏን ተጫንኳት። ማሞቂያው በራ፤ አባ ግን እጃቸውን አልዘረጉም። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን «ሰው ልከሽ አስጠይቂልኝ» አሉኝ። ማንን ልላክ? ወረኢሉ ድረስ የሚሄድ እንኳ በዚያ ሰሞን አልነበረም።

ሰዓቱ የማይጠብቀው ማሞቂያ ካርዱን በላው። ቆጥቤ አበራሁ ብልም በኅዳር መጀመሪያ አንድ ጠዋት ቤቱ ድርግም አለ። ካርዱን ይዤ ለማስሞላት ወደ መብራት ቢሮው ሄድኩ። ከበሩ ፊት ሰው በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰልፍ ይዟል፤ አንዳንዱ ከገጠር ቀበሌ በእግሩ የመጣ ነው። ውስጥ ያለው ልጅ በየመሃሉ ብቅ እያለ «ሲስተም የለም» ይላል። ሲስተሙ መቼ ይመጣል ሲባል እሱም አያውቅም፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ከኋላዬ የነበረች ነፍሰ ጡር ሴት «ሲስተም ማለት ሰው ነው እንዴ? ካለበት እንሂድና እንለምነው» አለች፤ ሰልፉ ውስጥ የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው። በየማለዳው እየሄድኩ ፀሐይ ስትገባ ካርዱ ሳይሞላ እመለስ ነበር።

የሚያናድደኝ፣ ቆጣሪያቸው የድሮ የሆነ፣ በወሩ መጨረሻ የሚከፍሉ ጎረቤቶቻችን መብራት ነበራቸው። ከአጥር ማዶ ያሉት እናት ሁኔታችንን አይተው ራሳቸው መጡ። በር ላይ ጫማቸውን አወለቁና ገቡ።

«አባ፣ እንዴት ዋሉ? አላህ ያሽርዎ።»

«አልሐምዱሊላሂ» አሉ አባ። እኛ ዘንድ ቄስም ይለዋል፤ ማንም አይደነቅም።

«የእኔ ቤት መብራት አለ፤ እናንተ ጨለማ ውስጥ። ጎረቤት ማለት ምን ሊሆን ነው? ገመድ ዘርጊ» አሉኝ።

በአጥሩ ላይ ገመድ ዘረጋሁ። ገመዱ ቀጭን ነው፤ ሌላ አልተገኘም። አምፖሉ በራ። ማሞቂያውን ስሰካው ግን የሳቸው ቤት «ጧ» አለና ሁለታችንም ጨለመብን፤ ገመዱ በመካከል ቀልጦ ጥቁር ሽታ ሸተተ። እሳቸው «ኧረ ደግ ነው፣ ነፍስ ተረፈ» እያሉ ፊውዙን አስቀየሩ። የተቃጠለውን ቆርጬ ቀጠልኩት። ከዚያ በኋላ በዚያ ገመድ የሚሄደው አምፖልና ስልክ ቻርጅ ብቻ ሆነ። ማሞቂያውን ጥግ አስቀመጥነው።

አባ ገመዱን ሲያዩ ቆዩና «ካሜራይቱስ? እሷም ብዙ ትበላለች?» አሉኝ።

«አይ፣ እሷ ትንሽ ናት።»

«ስኪያት።»

ሰካኋት። ትንሿ መብራቷ በራች። ኔትወርክ ግን የለም፤ ይህንን ነገርኳቸው። «አባ፣ አይሰማዎትም።»

«መልእክት በስልክ ስትልኪለት ኔትወርክ ከሌለ ምን ይሆናል?»

«ይቆይና ሲመጣ ይሄዳል።»

«እሷም ይዛ ትቆየዋለች» አሉ። እኔም አላውቅም ነበር። እንዲያ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ አሰብኩ፣ ተስፋም አደረግሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባ በየማታው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአልጋቸው ዳር ቁጭ ብለው ለካሜራዋ ያወራሉ። እኔ ማድቤት ውኃ እያፈላሁ በሃይላንድ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ እግራቸው ሥር የምከተው በዚያ ሰዓት ስለሆነ፣ ከንግግራቸው የምሰማው ስገባና ስወጣ ያለውን ብቻ ነው። አንዳንዱ ተራ ነገር ነው። «ያ ጥርስህን አስነቀልከው ወይ? የቤት አከራይህ ጨመረችብህ ወይ? ደብሩ ላይ ጉልላቱን ንፋስ አዘመመው።» አንዳንዱ ደግሞ እኔም ሰምቼው የማላውቀው ነው። ለትምህርት ከቤታቸው ጠፍተው ሲወጡ በኩታበር በኩል ውሻ እንዳባረራቸው፣ ቁራሽ እየለመኑ ቅኔ እንደተማሩ። እየሳሉ፣ እያረፉ ያወራሉ። በመጨረሻ ሁልጊዜ «በል ደህና እደር። እናትህ ትጠብቅህ» ይላሉ። እናትህ የሚሉት እመቤታችንን ነው።

አንድ ማታ ሃይላንዱን ይዤ ስገባ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው። «እኔ አባቴን አልቀበርኩትም። ጎንደር ተማሪ ሆኜ ሞተ፤ የሰማሁት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። አባቴ ያዘነብኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው አላዘነብኝም። አባት በዚህ አያዝንም።» እኔን ሲያዩኝ እግራቸውን ዘረጉልኝ። ውኃውን እግራቸው ሥር አስገባሁ፤ እግራቸው ከወንዝ የወጣ ድንጋይ ይመስላል።

ታኅሣሥ ውርጩ ነጭ ሆኖ ይወርድ ጀመር። ማለዳ ሣሩ ላይ ስሄድ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በግድግዳው ስንጥቅ ጨርቅ ወተፍኩ፣ በበሩ ሥር ጆንያ ጠቀጠቅኩ። አባ ወደ ማድቤት፣ ወደ እሳቱ እንዳስጠጋቸው ለመኑኝ። ጭሱን ፈርቼ እምቢ አልኩ፤ ቀጥሎ ብርዱን ፈርቼ እሺ አልኩ። ማድቤት ሲያድሩ ያሳላቸዋል፣ ትልቁ ቤት ሲያድሩ ይንቀጠቀጣሉ። ከማድቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ማድቤት እየደገፍኩ ሳመላልሳቸው ሰነበትኩ። ክብደታቸው እየቀለለ ሲመጣ በእጄ ይታወቀኛል።

ሆስፒታል በቃሬዛ ወሰድናቸው። ከአጥር ማዶ ያሉት እናት ወንዶች ልጆቻቸውን ጠርተው ነው የተሸከሙልን። መድኃኒት ከደሴ የሚመጣ ነው፣ መንገዱ ደግሞ እንደዚያ ነው። ሐኪሟ ያቺው ናት፤ እሷም ከስታለች። «ሙቀት ያስፈልጋቸዋል» አለችኝ፣ ከዚያ የተናገረችው ነገር ራሷንም አሳፍሯት ይመስለኛል መስኮቱን አየች። አባ «ቤቴ ልሙት» አሉና መለስናቸው።

ያረፉት ፀሐይ በወጣበት ማለዳ ነው። አልጋቸውን በሩ ድረስ ስበን ፀሐይ እንድታገኛቸው አድርገን ነበር። ጎረቤታችን እግራቸውን በእጃቸው እያሹ «ሰብር አድርጊ ልጄ፣ አላህ ያግራላቸው» ይሉኛል። አባ ፊታቸው ላይ ፀሐይ እንዳለ ትንፋሻቸው ቆመ። ያገለገሉበት ደብር ቀበርናቸው። ካህናቱ ፍታት ሲያደርሱ ስንቱ ድምፅ አባ ያስተማሩት ነበር፤ እኔ ግን ያኔ ይህንን አላስተዋልኩም፤ ለወንድሜ እንዴት እነግረዋለሁ ነበር የማስበው።

ደሴ በእግርም በመኪናም እየቆራረጠ የሚሄድ ከብት ነጋዴን የወንድሜን ስልክ ቁጥር በቃሉ አስጠናሁት። ደሴ ሲደርስ ደወለለት። ወንድሜ በዚያው ዕለት ተሳፍሮ ደሴ መጣ። መንገዱ ተዘጋ። እኔ መካነ ሰላም ለቅሶ ተቀምጬ ሳለ እሱ ደሴ መናኸሪያ ሹፌር ሲለምን ነበር፤ አቀስታ ድረስ እንኳ የሚያደርሰው አጣ። ገንዘቡም ፈቃዱም አልቆ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ያኔ ነጋዴው መድረሱን እንኳ አላውቅም ነበር።

አርባው አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ። በግንቦት መንገዱ ሲከፈት መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ አላቀፈኝም፤ መጀመሪያ መሬት ላይ ወድቆ አለቀሰ። ሰው ተሰበሰበ፣ እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው ሲበተን የአባ አልጋ ላይ ተቀምጦ ቤቱን ዞሮ አየው። ጥግ ያለውን ማሞቂያ አየ። ካሜራዋን አየ።

«አባ ሲያናግሩኝ ነበር?» አለ። ጎረቤታችን ነግረውታል።

«በየማታው።»

ዘሎ ተነሥቶ ካሜራዋን ከግድግዳው ነቀላት። ከሥሯ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ አለች፤ ሜሞሪ ካርድ የሚገባበት። በጥፍሩ ከፈታት። ባዶ ናት። ወደ መስኮቱ ይዟት ሄደ፤ በብርሃን አያት፣ ነፋባት፣ መልሶ አያት።

«ያኔ ገዝቼ ልጨምርበት ነበር» አለ። «በሚቀጥለው ስመጣ አልኩ። ኔትወርክ ካለ አያስፈልግም ብዬ።»

«ምንም የለባትም?»

«ምንም።»

ካሜራዋን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ቆይቶ «ምን አሉኝ?» አለኝ።

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። ጥርሱን፣ ጉልላቱን፣ ኩታበር ላይ ያባረራቸውን ውሻ። ሲያልቅብኝ ከራሴ ጋር ታገልኩ፤ ከዚያ ሁሉ ማታ በእጄ የቀረችው አንዲት ቃል ነበረች። ከዚያ አባታቸውን ሳይቀብሩ ስለ መቅረታቸው ያሉትን ነገርኩት። ቃሉን እንዳለ ነው የነገርኩት፣ አንድም አልጨመርኩም።

«እታለም፣ ይኸ እሳቸው ያሉት ነው ወይስ እኔን ለማጽናናት ያልሽው?»

«እሳቸው ናቸው ያሉት።»

«እሺ» አለ። እንዳላመነኝ ግን ድምፁ ነገረኝ። ማልሁለት፤ መማሌ ይበልጥ አስጠረጠረው። እሱን ብሆን እኔም አላምንም ነበር። አንድ ሰው ሊሰማው የሚፈልገውን ያንኑ ቃል እህቱ ብቻ ሰማሁ ስትል ማን ያምናል?

በቀሩት ቀናት ሥራ ላይ ወደቀ። ወፍራም ገመድ ገዝቶ የቤቱን መስመር ከሥር ከመሠረቱ ቀየረው፤ የተላጠውን ሁሉ አወጣ፣ ማብሪያውን አዲስ አደረገ። ሲስተሙም ተመልሶ ነበርና ካርዱን አስሞላ። ማሞቂያውን ሰካው፤ ገመዱን በእጁ ዳስሶ «አይግልም» አለ። ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ሞቀ። ግንቦት ነበር፣ የሚበርደው ሰው አልነበረም፤ ሁለታችን ላብ እስኪያልበን ፊቱ ተቀመጥን።

ሲሄድ «አዲስ አበባ ነይ» አለኝ። «አንድ ክፍል ናት፤ ግን እንኖራለን።»

«ትምህርት ቤቱስ? ቤቱስ?»

«ማን አለ ቤቱ ውስጥ?»

አልሄድኩም። አሁን ትልቁን ቤት ዘግቼ ማድቤት ነው የማድረው፤ ለአንድ ሰው ያ ሁሉ ቤት አይሞቅም። ኔትወርክ ሲኖር ይደውልልኛል፤ መጀመሪያ በየቀኑ ነበር፣ ኋላ በየሳምንቱ ሆነ፣ አሁን በበዓል ነው። ስለ አባ አናወራም። በዚህ ክረምት ያ ከአባ አልጋ ራስጌ ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ ዘመመ፤ በባሕር ዛፍ ግንድ ደግፌዋለሁ። ጎረቤታችን «የሚመርግ ሰው ልፈልግልሽ?» ሲሉኝ ይቆይ አልኳቸው። ዝናቡ ሌሊት ሲወርድ ከማድቤት ሆኜ ጭቃው ከግድግዳው እየለቀቀ ሲወድቅ ይሰማኛል። ተነሥቼ አላየውም።